ያለ መዶሻ

ሰኞ

ፓምፑ ዛሬም አልያዘም። እጀታውን ስጫነው ይወርዳል፤ ስለቀው እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ላይ ይራገጣል። ወደ ሲሊንደሩ መሄድ የነበረበት ዘይት ወደ መጣበት ይመለሳል ማለት ነው። አገጬን ለጥቂት ሳተኝ።

ይህን ደብተር የያዝኩት ለሥራው ነበር፤ የለካሁትንና የቆረጥኩትን እንዳልረሳ። ገልጬ ሳየው ከልኬቱ ይልቅ እርግማኑ በዝቷል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ምናልባት ይጠራልኝ ይሆናል።

ባለቤቴ መካኒክ ነው። የከባድ መኪና ጎማ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የውሃ ሞተር፣ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። ኩሽኔታ፣ ዘንግ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት፣ ሲዝግ ከዘንጉ ጋር ይጋባል፤ ፍቺውን የሚያውቀው ትልቁ መዶሻ ብቻ ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል እንዲህ ያለውን ጋብቻ ሲያፈርስ ጀርባው ተቀጨ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር አታነሣም፣ መዶሻም አትይዝም አለው። መዶሻ ያልያዘ መካኒክ ምን ይይዛል? አልጋ ያዘ።

ደንበኛው እንዳይበተን ብዬ ጋራዡን እኔ ከፈትኩት። ልጃችን ሳትወለድ ጀምሮ ቁልፍ ሳቀብለው፣ መብራት ስይዝለት ኖሬያለሁ። ዓይኔ ተምሯል፤ እጄ ገና ነው። መዶሻውን ማንሣት እችላለሁ። ደግሞ ደጋግሞ ማንሣት ነው የከበደኝ።

ጥግ ላይ ጀምሮ የተወው ፕሬስ አለ፤ ከወፍራም ብረት የተበየደ፣ የበር መቃን የመሰለ። አናቱ ላይ ከተጣለ ክሬን የነቀለውን ሲሊንደር አስሮበታል። ዘይት በኃይል ቢገፋለት ሲሊንደሩ ወርዶ ኩሽኔታውን ከዘንጉ ላይ ያለ ጩኸት ገፍቶ ያወጣዋል። የጎደለው ዘይቱን የሚገፋው የእጅ ፓምፕ ነው። ሲገዛ፣ ሲገኝ፣ ሲደርስ እየተባለ ዓመታት አለፉ። አሁን እኔ ልሠራው ተነሥቻለሁ። ለእሱ ነው። ቆሞ እጀታ መጫን ጀርባ አይጠይቅም።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

በችኮላ።

ኳሶቹን ቀየርኩ። ፓምፑ ውስጥ ሁለት የብረት ኳሶች አሉ፤ አንዱ ዘይት ሲገባ፣ ሌላው ሲወጣ መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ። በር ጠባቂዎቼ ናቸው። ሁለቱም ጉቦ ይበላሉ መሰለኝ፣ ለመጣው ሁሉ ይከፍታሉ።

አንድ ሾፌር ገባ። ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ላይ ነበርኩ፣ እስከ ክርኔ ዘይት። ዙሪያውን ቃኝቶ ሰው የለም እንዴ አለኝ። አለሁ አልኩት። አይ፣ ባለሙያ ማለቴ ነው አለ። የባለሙያው ሚስት ነኝ አልኩት። እስካሁን ያቃጠለኝ የእሱ ጥያቄ አይደለም፤ የእኔ መልስ ነው።

ረቡዕ ማታ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መጥተው ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። የግንባታ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ እንደ ሱቃቸው ሁሉ ነገር በየመደርደሪያው እንዲቀመጥ ይወዳሉ። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ደረደሩት። ክረምቱ ሲወጣ ባለቤቴ ሱቅ ይገባል፤ ወንበር አለ፣ ብርድ የለም፣ መጎንበስ የለም። ጋራዡን ጎማ የሚጠግን ሰው ይከራየዋል፤ ሰውየውንም አግኝተዋል። ቤቱ ከአባታቸው የወረሱት ስለሆነ ግማሹ የጋሼ ነው። ስለዚህ አነጋገራቸው ምክር ይመስላል እንጂ ውሳኔ ነው።

ሻይ ሳፈላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷም ከዚያ ጥላሸት ትገላገል» ሲሉ ሰማሁ። ገላግሉኝ ያልኳቸው መቼ ነው?

ባለቤቴ እስቲ ክረምቱ ይውጣ አላቸው። ከሄዱ በኋላ ፓምፑ ከደረሰ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ፣ ማንም ወንበር ላይ አያስቀምጥህም አልኩት። ከደረሰ አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ደሜ ፈላ። ከዚያ መዞሩ ራሱ ሲያመው አየሁ፤ ንዴቴን የማደርግበት ቦታ አጣሁ።

ዓርብ

የጎረቤታችን በያጅ ዛሬም ሥራውን ትቶ እኔ ጋ ዋለ። ሰፈሩ ሬዲዮ ይለዋል፤ ስለማይዘጋ ነው። የፓምፑን ታንክ የበየደልኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ የመምከር መብት ያለው ይመስለዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እታለም» አለኝ። እንቁላሉስ ውስጡ ጫጩት እንዳለ ይታወቃል፣ የእኔ ፓምፕ ግን ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ አይታወቅም አልኩት። ሳቀ።

ፓምፑን ፈታሁት። ከኳሱ ሥር ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ የብየዳ ፍንጣሪ አገኘሁ። ለሬዲዮ አሳየሁት። የእኔ አይደለም፣ የእኔ ፍንጣሪ ትልልቅ ነው ብሎ ካደ። ሁሉንም በናፍጣ አጠብኩ። ከዚያ ኳሱን መቀመጫው ላይ አድርጌ በመዳብ ዘንግ አንዴ ብቻ መታሁት፤ እንዲህ ሲደረግ ኳሱ ለራሱ የሚስማማ መቀመጫ ይቀርጻል። ባለቤቴ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ያደርገው ነበር።

አሁን እጀታው አይራገጥም። ነገር ግን ጥቂት ከሳበ በኋላ ዘይት እምቢ ይላል። አንዱን ስደፍን ሌላው ይከፈታል።

እሑድ

ባለቤቴ ፓምፑን አምጪልኝና በእጄ ልየው አለኝ። ከባድ ነው አልኩት። ቆሻሻ ነው፣ አንሶላው ይበላሻል አልኩት። ልጄ መሐል ገብታ እኔ አመጣልሃለሁ አባዬ ስትል እንዴት እንዳየኋት አላውቅም፤ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን አይቶኛል። ተዪው ልጄ፣ እናትሽ ስትጨርስ አየዋለሁ አላት።

አልደበቅኩትም። ካየው ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አዙሮ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ በአንድ ትንፋሽ ይነግረኛል። ይህ ጥሩ አይደል? ጥሩ ነው። ሥራው ይፈጥናል። በሚቀጥለው እሑድ አመጣለታለሁ።

ቤታችን ከጋራዡ የሚለየው በአንዲት ጠባብ መንገድ ነው፤ ድምፁ ሁሉ ይገባል። ልጄ እንደምትነግረኝ ቀኑን ሙሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚውለው። ማታ ስገባ «ከሰዓት በኋላ መሰርሰሪያው አቃሰተብሽ፤ ዘይት ነፍገሽው ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ማክሰኞ

ዝናብ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ፓምፑ በጎኑ ያፈሳል፣ አፍንጫዬ ያፈሳል። መፍሰስ ያለበት ዘይት ብቻ አይፈስም።

ከሰዓት በኋላ እጀታውን በእርግጫ መታሁት። እግሬን አመመኝ። እሱ ምንም አልሆነ።

ሐሙስ

ያዘ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ዘይት አልስብ ሲለኝ ታንኩ ጎድሎ እንደሆነ ልይ ብዬ ክዳኑን ስፈታ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው እፎይ አለ። ቆምኩ። ሬዲዮ ታንኩን እንደ መቃብር ነው የደፈነው፤ አየር መግቢያ የለውም። አየር ካልገባ ዘይቱ በምን አቅሙ ይውጣ? ይህን ያህል ቀን ታፍኖ ኖሯል። ክዳኑን በስሱ በሳሁት። እጀታውን አንዴ ስጭን ከበደኝ፤ ሁለተኛ ስጭን ደስ የሚል ክብደት ሆነ፤ ከዚያ የሲሊንደሩ አንገት ሲወርድ አየሁ። እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው፤ ግን ወደ ኋላ አይመለስም።

ያ ሾፌር ትቶት የሄደውን፣ ኩሽኔታ የተጣበቀበትን የጭነት መኪና ጎማ ማቀፊያ ከሥሩ አስገባሁ። ሰሞኑን ስሸሸው የነበረ ነው። አንድ እጄ እጀታው ላይ፣ አንገቴ ወደ ታች ተቆልምሞ። ኩሽኔታው ተንሸራቶ ወጣና ካነጠፍኩት ጨርቅ ላይ ዱብ አለ። የተሰማው ድምፅ ይኸው ነው።

ማንም አላየኝም፤ ሬዲዮ አጥር ሊበይድ ሄዷል። ዕቃ ስሰበስብ እየዘፈንኩ ራሴን ያዝኩት።

ቤት ስገባ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እራት ላይ ልጄ ስለ ፈተናዋ ታወራ ስለነበር ጣልቃ መግባት አልፈለግኩም።

ዓርብ

«ዛሬ መዶሻ አልሰማሁም» አለኝ ባለቤቴ።

ሥራ አልነበረም አልኩት።

ሥራ ነበር። የሚገርም ቀን ነበር እንዲያውም። ለምን እንደዋሸሁ ሳብሰለስል አመሸሁ። እርግጠኛ ሳልሆን ተስፋ እንዳልሰጠው ነው። በታመመ ሰው ተስፋ አይቀለድም። አዎ፣ ለዚህ ነው።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መጥቶ ነበር። ትልቁ ዘንጉ ከኩሽኔታው ጋር ተጣብቆበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ነቅሎ ሊያመጣው ነው። ሌላ ቦታ ቢወስደው በመዶሻ እንደሚያጣምሙበት ፈርቷል። ያለ መዶሻ አወጣልሃለሁ ስለው አንቺ ካልሽ ይሁን አለኝ። አንቺ ካልሽ።

ሰኞ

ዛሬም አልነገርኩትም። ፓምፑን በደንብ ልፈትሸው። በጎኑ ትንሽ ያረጥባል፣ እንዲህ እያለማ አላሳየውም። ነገ ፈትቼ ጎሚኒውን፣ ዘይት እንዳያሾልክ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት አስተካክለዋለሁ።

ማክሰኞ

ፈታሁት። ፒስተኑን ስመልስ ጎሚኒው በቀዳዳው ጠርዝ ተቆረጠ። ጠርዙን በሞረድ ሳላለዝበው ነው ያስገባሁት። ይህን ስህተት ባለቤቴ ሲሠራ አይቼ የሳቅኩበት እኔ ነኝ።

የሚሠራ ነገር ነበረኝ። አሁን የለኝም።

ረቡዕ

ከአሮጌ ፍሬን ያወጣሁት ጎሚኒ ቀጠነ። ሌላው ወፈረ። ከወፍራም ጎማ ራሴ ቆረጥኩ፤ ክብ ሳይሆን እንቁላል ሆነ። ሬዲዮ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና በፊት ሲሠራ አልነበር እንዴ አለኝ። ለካ በአጥሩ ቀዳዳ አይቶኛል። አዎ አልኩት። ታዲያ ለምን ፈታሽው አለኝ። ለማሻሻል አልኩት።

«አንቺ እኮ የዳነ በሽተኛ ጠርቶ ሆዱን እንደገና የሚቀድ ሐኪም ነሽ» አለ።

ወደ ሥራህ ሂድ አልኩት። ሄደ። ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ያለ አንድ ቃል ሄደ።

ዓርብ

ሌላ ጎሚኒ ገባ። ያዘ። ከዚያ ቱቦው ፈነዳ። ያረጀ መሆኑን አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ነው ያሰርኩት። ዘይቱ ግንባሬን መታኝና ጣሪያ ላይ ወጣ። ዓይኔን ለጥቂት ሳተው። ሬዲዮ ሮጦ መጥቶ ፊቴን በሳሙና ሲያጥበኝ አለቃ ይህን ቢያይ ምን ይላል ይል ነበር። አለቃ የሚለው ባለቤቴን ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ግንባሬ ላይ ያለውን ቅላት አየው። በር መታኝ አልኩት። እሱም በሩ ይታይ እንግዲህ አለ።

ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ አደርኩ። የተሰበረ ሰው እየጠበቀኝ እኔ በሠራ ነገር ላይ እጫወታለሁ።

ሐሙስ

ጋሼ ጎማ ጠጋኙን ይዘው መጡ። ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ ጤንነቴን ጠይቀው፣ ከዚያ እኔ እንደሌለሁ ያህል ጋራዡን ማሳየት ጀመሩ። ሰውየው ግድግዳውን በእርምጃ ለካ። ቶርኖው የት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ይሸጣል አሉ። ፕሬሱስ ሲላቸው ያ ቁርጥራጭ ብረት ነው አሉት።

አፌን ከፍቼ ላሳያቸው ነበር። አዲስ ቱቦ ከትናንት ወዲያ ገብቶለታል፣ ይሠራል፤ አንድ ኩሽኔታ ፊታቸው ባወጣ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ከባለቤቴ በፊት ለሌላ ሰው ላሳየው? እንዲያ አላደርግም። በእልህ ምላሴን ነከስኩ።

ማታ ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር ደርሷል አልኩት። ቅዳሜ ውሰጂኝ አለ።

ቅዳሜ

በአንድ ወገን ከዘራ፣ በሌላ ወገን ሬዲዮ ይዘውት መጣ። ያችን ጠባብ መንገድ ለመሻገር ስንት ጊዜ እንደቆመ አልጽፍም። በሩ ላይ ሲደርስ ገባ ከማለቱ በፊት አሽትቶ አየ። ከዚያ ግድግዳውን ቃኘ። ድሮ ሣጥን ውስጥ ተቀላቅለው የሚኖሩትን ቁልፎች በየመጠናቸው ሰቅያቸዋለሁ። ቁልፎቹ ቦታ ለቀዋል አለ። ቦታ ያዙ እንጂ አልለቀቁም ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ፓምፑን በመዳፉ ዳሰሰው። የብየዳውን ስፌት፣ የክዳኑን ቀዳዳ፣ የቱቦውን መጋጠሚያ፣ ሁሉንም። አንድ ስህተት አልነገረኝም። ይህ ከስድብ በላይ አስጨነቀኝ።

የጎማ ማቀፊያ ከፕሬሱ ሥር አስገባሁለት። እጀታውን ያዘ። ሲጫን ወገቡ ተጎነበሰ፤ እጀታው ዝቅ ያለ ነው። እንደገና ተጫነ፣ እንደገና ተጎነበሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ሬዲዮ ልርዳህ አለቃ ሲለው በዓይኑ መለሰው። ኩሽኔታው ወጥቶ እስኪወድቅ ድረስ አልለቀቀም። ከወደቀ በኋላ እጀታውን ተደግፎ ቆየ።

«ይሄን ያህል ቀላል ከነበረ እኔ ጀርባዬን ለምን ሰጠሁ?» አለ። የተናገረው ለእኔ አልነበረም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እጀታውን በማን ቁመት ነው የቆረጥሽው?»

በእኔ አልኩት። ስቆርጠው አላሰብኩበትም ነበር። ቆምኩ፣ ክርኔን ለካሁ፣ ቆረጥኩ። ይህን ላስረዳው አፌን ከፈትኩና ማስረዳቱ ራሱ እንደሚያጋልጠኝ ገባኝ። ሬዲዮ መሬት መሬት ያያል።

ይሁን አለ ባለቤቴ። የሚሠራበት ሰው ነው የሚለካው።

ቤት ገብቶ ከተኛ በኋላ ውሃ ሳቀብለው እጄን ያዘኝ። «መዶሻው የጠፋ ቀን እኮ አውቄዋለሁ። የጎማው ማቀፊያ ወጥቶ ለሾፌሩ ሲሰጥ ሰማሁ፤ መዶሻ ግን የለም። ያለ መዶሻ በምን ይወጣል? ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ ጠበቅኩ።»

ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

እሑድ

እኔ ምግብ አቅርቤ እኔው አነሣሁት። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለልጃችን ጫማዬን ጥረጊልኝ አላት። የት ልትሄድ ነው አባዬ ስትለው ወደ ሥራ አላት።

ማክሰኞ

ጋሼ መጡ። ባለቤቴ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የጠበቃቸው። በሩ አጠገብ ቆሜ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ጋራዡ አይከራይም አላቸው። ባለሙያ አለበት። ጋሼ ማን ብለው ሲጠይቁ በአገጩ እኔን አሳያቸው። ጋሼ ሳሉ። ድርሻዬስ አሉ። የእርስዎን ድርሻ ኪራይ እሷ ትከፍላለች፣ ጎማ ጠጋኙ ሊከፍል ካሰበው አታሳንስም አለ። እኔን ሳይጠይቅ። ታዲያ አንተስ ሲሉት ወንበር አለ ብለውኝ የለ? ሱቁ እመጣለሁ አላቸው።

ሁሉም ነገር የፈለግኩትን ሆነ። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ረጅም ጊዜ አየሁት። እኔ መቼ ነው ይህን የፈለግኩት? ለእሱ ነው ስል አልነበር?

ሰኞ

ሱቅ ከገባ ሳምንቱ ነው። ጠዋት ጋሼ በመኪና ይወስዱታል፣ ማታ ይመልሱታል። ምን ስትሠራ ዋልክ ስለው ምስማር ስሸጥ ይለኛል። መዶሻ እንዳይነካ የተከለከለ ሰው ቀኑን ሙሉ ምስማር ይቆጥራል። ልጄ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ሳቁ ግን ከጉሮሮው በታች አልወረደም።

ጋራዡ ጸጥ ብሏል። ደንበኛ አለ፣ ሥራ አለ፣ ፓምፑ እንደ ሰዓት ነው። ሥራ ስጨርስ ወደ ቤታችን መስኮት አያለሁ። ማንም እየሰማኝ አይደለም። ነጻነት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ መሰርሰሪያው አቃሰተ፤ ዘይት ስነፍገው ማንም አልነገረኝም።

ረቡዕ

የወፍጮ ቤቱ ዘንግ ደረሰ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባው። ከሥሩ ጎንበስ ብዬ ካላየሁት ይጣመማል፤ ጎንበስ ብዬ ደግሞ እጀታውን አልደርስበትም። ሬዲዮን ጠርቼው ነበር፤ እሱ ሲጫን እያወራ ስለሆነ ቁም ስለው አይሰማኝም። ሥራውን አቆምኩት።

ሲመሽ ባለቤቴ ከሱቅ ሲገባ ሜትር ይዤ ጠበቅኩት። ቁም እስቲ አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ምን ልታደርጊ ነው ብሎ አልጠየቀም። ቀጥ በል አልኩት፤ የቻለውን ያህል ቀና አለ። ከወለሉ እስከ ክርኑ ለካሁት። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር ሸሚዝ እንኳ ለክቼለት አላውቅም።

«ሸሚዝ ልትሰፊልኝ ነው?» አለኝ።

እጀታውን አስረዝመዋለሁ አልኩት። ነገ።

ሐሙስ

ሬዲዮ ቱቦ ብረት ቆርጦ በእጀታው ላይ የሚሰካ ሠራልኝ። ሲሰካ ለእሱ ይሆናል፣ ሲነቀል ለእኔ። መጀመሪያ ጠምሞ ተበየደ። ሁለተኛም ጠመመ። ሬዲዮን ስጮህበት ዋልኩ። እሱም ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። አውቃለሁ። ና አብረን እንሥራ ስለው ባለቤቴ እምቢ ቢልስ?

ቅዳሜ

ባለቤቴ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ እንደሚውል ለጋሼ ነገራቸው። አጉረመረሙ። ከጠዋቱ ጋራዡ ውስጥ ነበርን።

ገና ሲገባ ተጣላን። ዘንጉን የደገፍኩበት እንጨት አልጥም አለው፤ ብረት ይሁን አለ። ብረት ዘንጉን ይጭራል አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ በብረት ሲደግፍ አልተጫረም አለ። ተጭሯል፣ የምሞርደው እኔ ነበርኩ አልኩት። ሬዲዮ በአጥሩ ቀዳዳ ጣቢያ ያገኘ ይመስል ጆሮውን ጣለ። በመጨረሻ ባለቤቴ እንጨቱን ተወው፤ እኔም ሌላውን ጫፍ በብረት ደገፍኩለት።

እጀታውን ያዘ። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። እኔ ከሥሩ ተንበረከክኩ፤ ዓይኔ ዘንጉና ኩሽኔታው የተጋጠሙበት መስመር ላይ። ጨምር አልኩት። ጨመረ። ቁም አልኩት። ቆመ። በትዳራችን እኔ ቁም ብየው የቆመበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። ጨምር። እጀታው እየከበደው ሲሄድ ከትንፋሹ ለየሁት። መስመሩ አልተነቃነቀም። የፕሬሱ ብረት ማቃሰት ጀመረ። ጨምር።

ከዚያ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ፈነዳ።

ዘንጉን አላየሁትም። ኩሽኔታውን አላየሁትም። መቼ እንደተነሣሁ ሳላውቅ ከኋላው ደርሼ ዘይት የነካው እጄን ጀርባው ላይ ጭኜ ነበር። አመመህ፣ ተቀመጥ፣ ልቀቀው እያልኩት ነው። እሱ እጀታውን እንደያዘ አንገቱን ብቻ ወደ እኔ አዞረ። ፊቱ ላይ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ያላየሁት ነገር ነበር።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ዝገቱ ነው። ለቀቀ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስመሩ የፀጉር ያህል ተከፍቷል።

እጄ ሸሚዙ ላይ ጥቁር ሆኖ ታትሟል። አላነሣሁትም። በአንድ እጄ ጀርባውን እንደያዝኩ፣ አንገቴን ወደ ዘንጉ እንደሰገግኩ፣ «ቀስ ብለህ» አልኩት፣ «ጨምር።»